ፕሮሰሰራችሁ ጉልበት አልደበቀባችሁም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ሦስት ወዳጆቼ በየተራ ላኩልኝ። «የፕሮሰሰራችሁን የተደበቀ ጉልበት የሚያወጡ 7 ሴቲንጎች» ይላል። ሦስቱም ከሥሩ ያስከተሉት ጥያቄ አንድ ነው፤ «እውነት ነው እንዴ? ልሞክረው?» ለመጀመሪያው መልስ መጻፍ ጀመርኩ። ሲረዝምብኝ ጊዜ ለሦስቱም አንድ ላይ ይሁን አልኩ።

ላላነበባችሁት፣ የጽሑፉ ፍሬ ነገር ይሄ ነው። ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አእምሮ የሆነው ቺፕ) ከፋብሪካ የሚወጣው ታስሮ ነው። ዊንዶውስ ደግሞ ሌላ ገመድ ይጨምርበታል። ጌማችሁ የሚንቀራፈፈው ለዚህ ነው። ስለዚህ ሰባት ቦታ ገብታችሁ ገመዱን ፍቱ፤ ፍሬሙ (በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት) በእጥፍ ይጨምራል። ሰባቱ ቦታዎችም እነዚህ ናቸው፦ ኤምኤስኮንፊግ ውስጥ የፕሮሰሰሩን ቁጥር ከፍ ማድረግ፣ ፓወር ፕላኑን ወደ ሃይ ፐርፎርማንስ መቀየር፣ ጌሙን ሪልታይም ፕራዮሪቲ መስጠት፣ ሃይፐርትሬዲንግን ማጥፋት፣ ቮልቴጅ ጨምሮ ኦቨርክሎክ ማድረግ (ከተመደበለት ፍጥነት በላይ ማሠራት)፣ የኃይልና የሙቀት ገደቦችን ማንሳት፣ በመጨረሻም ሜሞሪ ኢንተግሪቲ የሚባለውን የዊንዶውስ ጥበቃ ማጥፋት።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። በክፋት ጻፉት ብዬም አላስብም። እኔ ራሴ አብዛኛውን በጊዜዬ ሞክሬዋለሁ፤ አንዳንዱን ሁለት ጊዜ። ግን ከሰባቱ ውስጥ የሚጠቅመው ትንሽ ነው፣ የሚጎዳው ይበልጣል። ከሁሉ በላይ መጀመሪያ መነሳት የነበረበት ጥያቄ ጭራሽ አልተነሳም።

ከቀላሉ ልጀምር። ኤምኤስኮንፊግ በሚባለው የዊንዶውስ የማስነሻ ሴቲንግ ውስጥ «ነምበር ኦፍ ፕሮሰሰርስ» የሚል ሳጥን አለ። ጸሐፊው «ዊንዶውስ ሲጫን አንድ ኮር ብቻ ይጠቀማል፤ ሳጥኑ ላይ ምልክት አድርጋችሁ ትልቁን ቁጥር ምረጡ» ይላሉ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሳጥኑ ባዶ ሲሆን ዊንዶውስ ያሉትን ኮሮች (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ሥራ የሚካፈሉትን ክፍሎች) በሙሉ ይጠቀማል። የሳጥኑ ሥራ መቀነስ ብቻ ነው። ፕሮግራም ሠሪዎች «ሶፍትዌሬ በሁለት ኮር ላይ ምን ይመስላል?» ብለው እንዲፈትሹበት የተቀመጠ ነው። ትልቁን ቁጥር ብትመርጡ ምንም አይጨመርም፤ ትንሹን ብትመርጡ ይቀነሳል።

ይህን ምክር ከቀልድ ቆጥሬ እንዳላልፈው ያደረገኝ አንድ ገጠመኝ አለ። አንድ ጓደኛዬ አዲስ ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ ገዝቶ የድሮውን ዲስክ እንዳለ ሰካበት። ባለ ስምንት ኮር ነው፤ እያንዳንዱ ኮር ለዊንዶውስ እንደ ሁለት ስለሚቆጠር አሥራ ስድስት ሎጂካል ፕሮሰሰር ሊያሳይ ይገባል። ጌሙ ግን ከድሮው ብሶ ይቆራረጣል። ታስክ ማናጀር ከፈትን፣ ፐርፎርማንስ የሚለውን ነካን። «ሎጂካል ፕሮሰሰርስ፦ 4» ይላል። ለካ ከዓመታት በፊት፣ ማሽኑ ባለ አራት ኮር በነበረበት ጊዜ፣ እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ አንብቦ 4ን መርጦ ኖሯል። ዊንዶውስም የታዘዘውን አክብሮ ኖረ። ምልክቱን አነሳን፣ ሪስታርት አደረግን፣ አለቀ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የሚባለው ለዚህ ነው።

ወደ ፓወር ፕላን፣ ማለትም ወደ ዊንዶውስ የኃይል አጠቃቀም ምርጫ፣ ልሂድ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። «ባላንስድ» ላይ ያለ ፕሮሰሰር ሥራ ሲያጣ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ሥራ ሲመጣ ይጨምራል። የድሮ ፕሮሰሰሮች ላይ ይህ መውጣትና መውረድ በዊንዶውስ በኩል ስለሚያልፍ ይዘገይ ነበር። ፕሮሰሰር ሠሪው ኢንቴል ከ2015 ጀምሮ ስፒድ ሺፍት በሚለው ቴክኖሎጂ ውሳኔውን ለፕሮሰሰሩ ለራሱ ሰጠው። አሁን ፍጥነቱ የሚቀየረው በሚሊሰከንዶች ነው። ጌም ሲከፈት ደግሞ ሥራ አለ፤ ፕሮሰሰሩ ማንም ሳይነግረው ይነሳል። ስለዚህ ሃይ ፐርፎርማንስ አይጎዳም፤ ዴስክቶፕ ላይ ግን የሚያመጣው ለውጥ ብዙ ጊዜ በዓይን አይታይም። ላፕቶፕ ላይ ከፕላኑ በላይ የሚለየው ቻርጀሩ መሰካቱ ነው። በባትሪ ብቻ ጌም እየተጫወተ «ፕሮሰሰሬ ደከመ» የሚል ሰው መጀመሪያ ገመዱን ይሰካ።

ጸሐፊው ያላነሱት፣ እዚያው ፓወር ፕላን ውስጥ ግን የተቀበረ አንድ ቁጥር አለ። «ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት» ይባላል። 100 ከሆነ ደህና ነው። 99 ከሆነ ግን ብዙ ፕሮሰሰሮች ላይ ቱርቦው (ከመነሻ ፍጥነት በላይ የሚወጣበት አቅም) ይጠፋል። አንድ በመቶ የተቀነሰ ይመስላል እንጂ ጉዳዩ ሌላ ነው። ኮር አይ7-10750ኤች የሚባለውን የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ውሰዱ። መነሻ ፍጥነቱ 2.6 ጊጋኸርዝ፣ ቱርቦው እስከ 5.0 ጊጋኸርዝ ነው። 99 ስታደርጉት ከመነሻው ብዙም አይነሳም። ላፕቶፕ ሲሞቅባቸው 99 አድርገው የረሱት ሰዎች ሞልተዋል። እሱን አይታችሁ ወደ 100 መመለስ ከጽሑፉ ሰባት ምክሮች ከአብዛኞቹ ይበልጣል።

ሦስተኛው፣ ሪልታይም። ይሄኛው ያናድደኛል። ምክንያቱም ስሙ ራሱ ያታልላል። ታስክ ማናጀር ላይ ስድስት ደረጃ አለ፤ ሪልታይም ከሁሉ ጫፍ ነው። ጌሙን እዚያ ስታስቀምጡት «ከማንም በፊት ይህ ይቅደም» ማለታችሁ ነው። ከማንም ሲባል ደግሞ የዊንዶውስን የራሱን ሥራ ይጨምራል። ማይክሮሶፍት በራሱ መመሪያ ላይ ሪልታይም ላይ ያለ ፕሮግራም ከእጅግ አጭር ጊዜ በላይ ከሠራ ማውሱ ላይታዘዝ፣ ወደ ዲስክ መጻፍ ያለበት ነገር ሳይጻፍ ሊቆይ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። እስቲ አስቡት፤ ፍሬሙ እንዲጨምር ብላችሁ ማውሱ ሲሞት። ድምፁ ሊቆራረጥ፣ ኪቦርዱም የነካችሁትን ቆይቶ ሊያስታውስ ይችላል። ልታጠፉት ብትፈልጉ ታስክ ማናጀሩም ተራ ላያገኝ ይችላል።

የሚያስቀው ነገር፣ አድሚኒስትሬተር ሆነው ያልከፈቱት ሰዎች ሪልታይምን ሲመርጡ ዊንዶውስ ዝም ብሎ «ሃይ» ላይ ያስቀምጥላቸዋል። ብዙዎች «ሞከርኩት፣ ምንም አልሆንኩም» የሚሉት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። እውነቱን ለመናገር ዊንዶውስ ከፊት ለፊት ላለው መስኮት ቀድሞውኑ ያዳላል። ከበስተጀርባ ከባድ ነገር ካለ፣ ቪዲዮ የሚያዘጋጅ ፕሮግራም ለምሳሌ፣ ዝጉት። ከዚያ በኋላ ጌሙ ከማን ጋር ነው የሚሻማው?

ሃይፐርትሬዲንግ ላይ ብዙ አልቆይም። አንዱን ኮር ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ እንዲያስተናግድ የሚያደርግ ዘዴ ነው፤ በተራ ሰው ኮምፒውተር ላይ በ2002 በፔንቲየም 4 የመጣ ነው። አንዳንድ ጌም ላይ ሲጠፋ ጥቂት ይሻላል፣ አንዳንዱ ላይ ይብሳል። ኢንቴል ራሱ በ2024 ባወጣቸው ኮር አልትራ 200ኤስ ፕሮሰሰሮች ላይ ትቶታል፤ ስለዚህ የማይነካ ነገር አይደለም። ግን አራት ኮር ብቻ ያለው ሰው ካጠፋው አዲስ ጌም ላይ ቶሎ ይቆጫል። «ሁላችሁም አጥፉ» የሚል ምክር አይሰጥም። በራሳችሁ ጌም ሞክሩ፣ ካልጠቀመ መልሱት።

አሁን ወደ ዋናው መጣሁ። ኦቨርክሎክ።

ጸሐፊው «ፋብሪካዎች ጉልበት ይደብቃሉ» ሲሉ ከባዶ አልተነሱም። በአንድ ወቅት እውነት ነበር። በ1998 ኢንቴል ሴለሮን 300ኤ የሚባል ርካሽ ፕሮሰሰር አወጣ። በ300 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ነው። የማዘርቦርዱን ባስ (መረጃ የሚመላለስበትን መስመር) ፍጥነት ከ66 ወደ 100 ሜጋኸርዝ የቀየረ ሰው 450 ያገኝ ነበር። ሃምሳ በመቶ ጭማሪ! ያውም ብዙዎቹ ችግር ሳይገጥማቸው። ያኔ የኖረ ሰው «የተደበቀ ጉልበት» ሲል አልፈርድበትም።

ያ ዘመን ግን አለፈ። ምክንያቱ ደግሞ የነጋዴ ተንኮል ሳይሆን ፊዚክስ ነው። ፕሮሰሰር የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር ይጨምራል፤ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በካሬ ይጨምራል። ፍጥነቱን አሥር በመቶ ከፍ ለማድረግ ቮልቴጁንም አሥር በመቶ መጨመር ቢያስፈልጋችሁ፣ 1.1ን ሦስት ጊዜ በራሱ አባዙት። 1.33 ይመጣል። አሥር በመቶ ፍጥነት ለማግኘት ሠላሳ ሦስት በመቶ ተጨማሪ ሙቀት ማለት ነው። ፔንቲየም 4 በ2004 3.8 ጊጋኸርዝ ላይ ቆሞ የቀረው፣ ኢንቴልም 4 ጊጋኸርዙን አወጣለሁ ብሎ የሰረዘው፣ ይኸው ሙቀት መተንፈሻ አሳጥቶት ነው።

ከዚያ ወዲህ ሠሪዎቹ የተረፈውን ክፍተት ራሳቸው መጠቀም ጀመሩ። ቱርቦ ማለት እኮ ይኸው ነው፤ ከፋብሪካ ታሽጎ የሚመጣ ኦቨርክሎክ። ፕሮሰሰሩ ሙቀቱን፣ ቮልቴጁንና የሚበላውን ኃይል በሰከንድ ብዙ ጊዜ እየለካ ቦታ ባገኘ ቁጥር ይወጣል። በ2024 የወጣው ኮር አይ9-14900ኬኤስ ከካርቶኑ እንደወጣ 6.2 ጊጋኸርዝ ይደርሳል። ከዚህ ላይ ምን ልትጨምሩ ነው?

ይልቅስ ሠሪዎቹ ራሳቸው አብዝተውት ያውቃሉ። የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች በ2024 ምን እንደገጠማቸው የሚያስታውስ ያስታውሳል። ጌም መሀል ላይ ይዘጋል፣ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። ኢንቴል መርምሮ ያመነው ነገር፣ ፕሮሰሰሩ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቀ ራሱን በጊዜ ሂደት ያደክም እንደነበር ነው። በነሐሴ ወር አካባቢ የማይክሮኮድ (የፕሮሰሰሩ የውስጥ ትእዛዝ) ማስተካከያ አወጣ፣ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። የደከመውን ግን ማስተካከያው አያድነውም። ያ ሁሉ መሐንዲስ ያለው ኩባንያ ቮልቴጅ አብዝቶ የከሰረበትን ነገር፣ ጸሐፊው «0.1 ቮልት ጨምሩና እዩ» ብለው በአንድ መስመር ያልፉታል። እነዚህ ፕሮሰሰሮች ካሏችሁ ዛሬ ማድረግ ያለባችሁ ቮልቴጅ መጨመር ሳይሆን ባዮሱን (ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ማስነሻ ሶፍትዌር) ማደስ ነው።

ሌላም አለ። ጊጋኸርዝ ሁሉን ነገር የሚወስን ቢሆን ኖሮ፣ ይህን እንዴት ትገልጹታላችሁ? የኢንቴል ተፎካካሪ ኤኤምዲ በ2022 ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲን አወጣ። ከእሱ በፊት የነበረው 5800ኤክስ እስከ 4.7 ጊጋኸርዝ ይወጣል፤ አዲሱ እስከ 4.5 ብቻ። ኮራቸው እኩል ነው። ግን ጌም ላይ ቀርፋፋው ፈጣኑን ይበልጠዋል፣ አንዳንድ ጌም ላይ ያውም በሰፊው። ልዩነቱ ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ቅርብና ፈጣን ሜሞሪ) ነው፤ ከ32 ሜጋባይት ወደ 96 ሜጋባይት አድጓል። ጌም ውስጥ ፕሮሰሰር ብዙ ጊዜውን የሚያጠፋው በማሰብ ሳይሆን መረጃ ከሜሞሪ እስኪመጣ በመጠበቅ ነው። የሚጠብቀውን ሰው በፍጥነት እንዲጠብቅ ብታዙት ምን ዋጋ አለው? የሚጠብቀውን ነገር አቅርቡለት። (5800ኤክስ3ዲ ሲወጣ ኦቨርክሎኩ ተቆልፎ ነበር። በጸሐፊው ሚዛን «ታስሮ የመጣ» ነው፤ ያኔ ለጌም ከነበሩት ምርጦች አንዱ ደግሞ እሱ።)

ፕሮሰሰር መነካካት ካማራችሁ የምመክረው ተቃራኒውን መንገድ ነው። ቮልቴጅ ቀንሱ። ራይዘን ላይ ከርቭ ኦፕቲማይዘር የሚባል ነገር ባዮስ ውስጥ አለ። በጥቂቱ ወደ ታች ስታወርዱት ፕሮሰሰሩ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ቱርቦው ራሱ ከፍ ብሎ ይቆያል። ግን ቀስ በሉ። ካበዛችሁት ማሽኑ ከባድ ሥራ ላይ ሳይሆን ቀላል ሥራ ላይ፣ ብሮውዘር ከፍታችሁ ቁጭ ባላችሁበት፣ ድንገት ሊጠፋ ይችላል። አንድ የግማሽ ሰዓት ፈተና አለፈ ማለት ጸና ማለት አይደለም። ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይፈቀድም። በ2019 መጨረሻ ፕለንደርቮልት የሚባል የደህንነት ቀዳዳ ከተገለጠ ወዲህ፣ ብዙ ላፕቶፕ ሠሪዎች የቮልቴጅ መቀነሻውን ዘግተውታል።

ስድስተኛው ምክር፣ የኃይልና የሙቀት ገደብ ማንሳት፣ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። የራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች ሙሉ ሥራ ላይ 95 ዲግሪ ድረስ እንዲሄዱ ተደርገው ነው የተሠሩት። የብዙዎቹ የኢንቴል ጣሪያ 100 ዲግሪ ነው። እዚያ ሲደርሱ ፍጥነት የሚቀንሱት ራሳቸውን ለማዳን ነው። ጠባቂውን አባርራችሁ ቤቱ ሰፋ አትበሉ። ሙቀት ካስቸገራችሁ ፋኑ ላይ ያለውን አቧራ አጽዱ፤ የቆየ ማሽን ከሆነ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባውን ፔስት ቀይሩ።

ላፕቶፕ ላይ ይህ ምክር ጭራሽ ይገለበጣል። ብዙ የጌም ላፕቶፖች ፕሮሰሰሩንና ግራፊክስ ካርዱን በአንድ የማቀዝቀዣ ቱቦ ነው የሚያበርዱት። የኃይል ባጀታቸውም የጋራ ነው። ለፕሮሰሰሩ ገደቡን ስታነሱለት ከግራፊክስ ካርዱ አፍ ነጥቃችሁ መስጠታችሁ ነው። ፕሮሰሰሩን ትንሽ ገታ ሲያደርጉት ፍሬም የጨመረላቸው ሰዎች አሉ፤ አስማት አይደለም፣ ሙቀቱ ለሚያስፈልገው ክፍል ተላልፎ ነው።

ሰባተኛው ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ ዋጋውን ግን አልነገሩንም። ሜሞሪ ኢንተግሪቲ ሲጠፋ አንዳንድ ማሽን ላይ ፍሬም በእርግጥ ይጨምራል። ማይክሮሶፍት ራሱ ለጌመሮች ባወጣው ማብራሪያ አጥፍታችሁ መጫወት፣ ስትጨርሱ መመለስ ትችላላችሁ ብሏል። «ስትጨርሱ መመለስ» የምትለዋ ግን ከጽሑፉ ቀርታለች። ጥበቃው ያለው ክፉ ኮድ ወደ ዊንዶውስ ልብ እንዳይገባ ነው። ከየትም የወረደ ክራክ (ቁልፉ የተሰበረ ፕሮግራም) የሚከፍት ሰው ይህን ሲያጠፋ ለሌባ በር ከፍቶ መተኛቱ ነው። አንዳንድ የፀረ ማጭበርበር ፕሮግራሞችም የዊንዶውስ ጥበቃዎች ካልበሩ ጌሙን አይከፍቱም።

እንግዲህ ያልተነሳው ጥያቄ፤ ጥፋተኛው ፕሮሰሰሩ ነው ወይ?

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል። ብዙ ጊዜ ጌሙን የሚጎትተው ግራፊክስ ካርዱ ነው፤ ዱላው የሚያርፈው ፕሮሰሰሩ ላይ። መለየቱ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ጌሙ ውስጥ ሁልጊዜ የሚከብዳችሁ ቦታ ላይ ቁሙ። የፍሬሙን ቁጥር እዩ። ከዚያ ሬዞሉሽኑን ከ1440 ወደ 720 አውርዱት፣ ሌላ ምንም ሳትነኩ። ምስሉ ይበላሻል፤ አትጨነቁ፣ ለፈተና ነው። ፍሬሙ ዘለለ? እንግዲያው የያዛችሁ ግራፊክስ ካርዱ ነው፤ ባዮስ ውስጥ የምታደርጉት ሁሉ ውሃ መውቀጥ ነው። ፍሬሙ እዚያው ቆመ? አሁን ስለ ፕሮሰሰሩ እናውራ።

ሌላ ሒሳብ ልጨምር። በ60 ፍሬም ለመጫወት አንድ ፍሬም በ16.7 ሚሊሰከንድ መድረስ አለበት። በ144 ደግሞ በ6.9። ፕሮሰሰሩ የራሱን ድርሻ በ6 ሚሊሰከንድ ጨርሶ፣ ግራፊክስ ካርዱ 16 የሚፈጅበት ከሆነ፣ የፕሮሰሰሩን 6 ወደ 5.5 ብታወርዱት ስክሪኑ ላይ የሚታይ ነገር የለም። ቀድሞ ጨርሶ ትንሽ ረዘም አድርጎ ይጠብቃል።

«በእጥፍ» የምትለዋም ትታይ። ከ4.5 ወደ 4.7 ጊጋኸርዝ ያደገ ፕሮሰሰር የጨመረው 4.4 በመቶ ነው። ጌሙ ሙሉ በሙሉ በፕሮሰሰሩ ቢያዝ እንኳ 60 ፍሬም የነበረው 62 ተኩል ግድም ይሆናል። እጥፉ የት አለ?

አሁን አንድ ነገር ልመን። የተደበቀ ጉልበት ያለበት ቦታ አለ። ፕሮሰሰሩ ውስጥ አይደለም፤ ራሙ (ሜሞሪው) ውስጥ ነው። ዲዲአር5-6000 ብላችሁ የገዛችሁት ራም ስትሰኩት ብዙ ጊዜ በ4800 ነው የሚነሳው። የተጻፈበትን ፍጥነት የሚያገኘው ባዮስ ገብታችሁ ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የሚለውን ስታበሩለት ነው። እኔ ራሴ አንዱን ማሽን ሰብስቤ ወራት ስጠቀም ከቆየሁ በኋላ፣ ታስክ ማናጀር ላይ 4800 የሚለውን ሳየው ጭንቅላቴን ነው የያዝኩት። አንድ ራም ብቻ የሰካ ሰውም የሜሞሪ መንገዱን ግማሽ ዘግቶ እየተጫወተ ነው፤ ሁለት እኩል ራም በትክክለኛው ቀዳዳ ሲሰካ መንገዱ ይሰፋል። ቀደም ብዬ ስለ ካሽ ያልኩትን አስታውሱ፤ ፕሮሰሰሩ የሚጠብቀው ይህንን ነው። በተለይ የሚሻሻለው አማካዩ ፍሬም ሳይሆን ድንገት ቀጥ የሚልባት ቅጽበት ነው፤ ተጫዋች የሚያማርረው ደግሞ በእሷ ነው። ኤክስኤምፒም ኦቨርክሎክ ስለሆነ ማሽኑ መቆራረጥ ከጀመረ አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጉት።

ጽሑፉን ወደ ላኩልኝ ሰዎች ልመለስ። የአንዱ ላፕቶፕ 99 ላይ ተቀምጦ ኖሯል፤ ወደ 100 መልሶ አሁን ስለ ፋኑ ጩኸት ነው የሚያማርረው። ሁለተኛዋ የሬዞሉሽኑን ፈተና ሠርታ ፍሬሙ ዘለለላት፤ ፕሮሰሰሯን ትታ የጥላውን ጥራት አንድ ደረጃ አወረደች። ሦስተኛው «ቆይ፣ ጌሙን ከፍቼ ሪልታይሙን ልሞክርና እጽፍልሃለሁ» ብሎኝ ነበር። እስካሁን አልጻፈልኝም። ማውሱ እስኪመለስለት እየጠበቀ ይሆናል።